ለመጀመሪያ ሞተሬ ቅድሚያ ምን ልቀይር? ቦክሰር 150፣ አርባ ምንጭ–ጨንቻ

የሲቀላው ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቦክሰር 150 ከገዛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሞተር ነድቼ አላውቅም። ቆጣሪዋ 1,100 ኪሎ ሜትር ደርሷል፣ የመጀመሪያውን ሰርቪስ አስደርጌያለሁ፣ እስካሁን ምንም አላስቸገረችኝም። አሁን ከደሞዜ ያጠራቀምኩት 15 ሺህ ብር አለኝና ሞተሯን ላሻሽላት ፈልጌያለሁ። ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ሥራዬ ጨንቻ ዙሪያ ካሉ የአፕል ገበሬዎች ጋር ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ደጋ እወጣለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከታች ሙቀት ነው፣ ዶርዜ ስትደርስ ጭጋግ ይቀበልሃል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ ስትገባ ደግሞ ጠጠርና ጭቃ ነው። ስብሰባ ከረዘመ የምመለሰው መሽቶ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ቀይረው፣ ጉልበት ይጨምራል አለኝ። ሌላው ፊቷ ላይ ትልቅ ኤልኢዲ ፓውዛ አስገጥም አለኝ። መሥሪያ ቤት ያለ ልጅ ደግሞ ወፍራም ባለ ጥርስ ጎማ ካላደረግክ በክረምት አትወጣትም ይላል። እኔ በበኩሌ የእግር ጋርዱን ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት ጠጠር ላይ ቀስ ብዬ ስታጠፍ ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ነበር። ሞተሯ ምንም አልሆነችም፣ ስፖኪዮዋ ብቻ ነው የዞረው።

ሌላም ነገር አለ። ጨንቻ ስደርስ ጉልበቷ ይቀንስብኛል። ታች በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን ዓይነት ዳገት ላይ ሁለተኛ ካላስገባሁ አትወጣም። ይሄ የሞተሯ ችግር ነው ወይስ የኔ አነዳድ?

ከየትኛው ልጀምር? ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም።


ነርሷ ከሶዶ፦

እግርህን እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። እኔ ለክትባት ሥራ ወደ ገጠር በሞተር ስሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ የምነግርህ ከወደቅኩበት ነው።

ብሩን ገና አታውጣው። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተርህን አቁመህ ላንተ አስተካክላት። ስትገዛት መሪዋ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዋ፣ የእግር ፍሬኗ ሁሉ ለማንም እንዲሆን ተደርጎ ነው የተገጠመው። ተቀመጥባት። ክንድህን ዘርጋ። ጣቶችህ ከክንድህ ጋር ቀጥ ብለው እጀታው ላይ ማረፍ አለባቸው። ወደ ላይ የሚታጠፉ ከሆነ እጀታውን ፈታ አድርገህ ትንሽ ወደ ታች አዙረው። ይሄ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንጓዬን ሲያመኝ ነው የኖርኩት፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ በአምስት ደቂቃ አስተካከለልኝና ሕመሙ ጠፋ።

የእግር ፍሬኑም እንደዚሁ። ጫማህ መርገጫው ላይ እንዳለ፣ ሳታነሳው መርገጥ መቻል አለብህ። እግርህን አንስተህ የምትረግጥ ከሆነ በድንገት ጊዜ ትዘገያለህ፣ ወይም ደንግጠህ ከሚገባው በላይ ትረግጠዋለህ፣ ጠጠር ላይ ደግሞ የኋላ ጎማ ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን አይተኸዋል መሰለኝ።

ከዚያ የጎማ ነፋስ። ጎሚስታ ጋ ሄደህ "ሙላልኝ" ብቻ ካልከው እንደ መኪና ጠጥሮ ነው የሚሰጥህ። መመሪያ መጽሐፏ ላይ የፊቱና የኋላው ለየብቻ ተጽፏል፣ ሰው ስትጭንም ሌላ ቁጥር አለ። በጣም የጠጠረ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል እንጂ አይዝም። ሁልጊዜ ጠዋት ጎማው ሳይግል ለካ።

የእግር ጋርድ ላልከው፣ ጋርዱ የሚያድነው ሞተሯን ነው። ቁርጭምጭሚትህን የሚያድነው ጫማ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚይዝ፣ ማሰሪያው የማይንዘላዘል የቆዳ ቦት ግዛ። ሰንደል ጫማ አድርገው የሚነዱትን ሳይ ልቤ ይቆረጣል።


ግርማው መካኒክ፦

ልጄ፣ ስለ ጉልበቱ የጠየቅከውን ልመልስልህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያቃጥለው።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጨንቻ ወደ 2,700 ይጠጋል። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ኢንጂን ደግሞ የሚሠራው በአየር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቷ አንድ አሥረኛ ያህል ታጣለች ብለህ ያዝ። ያንተዋ ሙሉ ጤነኛ ሆና ያላት 12 ፈረስ ጉልበት ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስተህ ጨንቻ ስትደርስ ብቻ ከአንድ ፈረስ ተኩል በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ አንተም ሞተሯም አላጠፋችሁም። ሁለተኛ ማርሽ ማስገባትህ ትክክል ነው፣ በሦስተኛ እያንገዳገድክ አታስጨንቃት።

ካርቡራተር ያላት ስለሆነች ሌላም ነገር አለ። ካርቡራተር አየር መሳሳቱን አያውቅም፣ ታች የሚሰጠውን ያህል ቤንዚን ላይም ይሰጣል። ስለዚህ ላይ ስትደርስ ቤንዚን ይበዛባታል። አንድ ቀን ጨንቻ ላይ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን፣ ፍታና እየው። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ተወው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የአየር ፊልትሮውን እይ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ እየነዳህ ስለሆነ ምናልባት ተደፍኗል። ካርቡራተሩን ለደጋ ብለህ አታስነካ፣ ምክንያቱም ማታ ተመልሰህ የምታድረው ቆላ ነው። ለደጋ የተስተካከለች ሞተር ቆላ ስትወርድ ቤንዚን ያንሳታል፣ ትግላለች።

አሁን ማርሚታ። ክፍት ማርሚታ ስትገጥምባት ድምፁ ስለሚያድግ ጉልበት የጨመረች ይመስልሃል። ታች ያላትን ጉልበት ግን ትቀንሳለች፣ አንተ ደግሞ ዳገት ላይ የምትፈልገው እሱኑ ነው። ጋዝ ስትለቅ መተኮስ ትጀምራለች። የቤንዚንና የአየር ምጣኔው ስለሚዛባ ቫልቭ ተቃጥሎ የመጣልኝ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ከብትና አህያ እየነዳ የሚሄድ ሰው አለ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። እንስሳው በርግጎ ወደ መንገድ ሲገባብህ ከሁሉ በፊት የምትጎዳው አንተ ነህ።

ዳገቱ በእውነት ካስቸገረህ፣ በተለይ ዕቃ ወይም ሰው የምትጭን ከሆነ፣ የሚረዳህ የኋላ ኮሮናውን፣ ሰንሰለቱ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ በጥቂት ጥርስ ማሳደግ ነው። የፊቱ ትንሹ፣ ፒኞን የሚባለው፣ 14 ጥርስ ከሆነ አንድ ጥርስ ስትቀንስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ያህል እንደመጨመር ነው። ዳገት ላይ በደንብ ትጎትታለች፣ ሜዳ ላይ ግን ኢንጂኗ እየጮኸ ነው የምትሄደው፣ ቤንዚንም ትጨምራለች። እኔ ብሆን አሁን አልነካውም። አብሯት የመጣው ሰንሰለት ሲያልቅ ኮሮናው፣ ፒኞኑና ሰንሰለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት፣ ያኔ አስብበት። እስከዚያ ሰንሰለቱን ሁለት ሳንቲም ተኩል ያህል እንዲላላ አድርገህ ያዝ፣ ከአቧራ በኋላ ጥረገው፣ ዘይት ቀባው።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ያንተ ፍሬን ፊትም ኋላም ታምቡር ነው አይደል? ሸራው ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው ክብ ቤት ማለቴ ነው። ከጨንቻ እስከ ታች ያንን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይዘህ ከወረድክ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ይተዋል፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ትስበዋለህ ሞተሯ ግን አትቆምም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚወርዱ አሉ። አደራ አታድርገው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ለሞተርም ይሠራል። ኢንጂኑ ይያዝህ፣ ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝና ልቀቅ፣ ያዝና ልቀቅ።

ገንዘብህን ሞተሯ ላይ ማውጣት ካለብህ እዚህ ላይ ጀምር። ደህና የፍሬን ሸራ ፊትም ኋላም፣ አዲስ የፊት ፍሬን ካቦ፣ ታምቡሩ ውስጡ ተጠርጎ። ርካሹ ሸራ በጣቴ ስጫነው እንደ ካርቶን የሚፈርስ አይቻለሁ።


ጠጠር ወዳጅ፦

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፣ በጎማው ላይ ግን ልጨምር። እኔ ሳውላ መስመር ነው የምነዳው። በክረምት ጭቃ ላይ ፋብሪካው የሰጠው ጎማ አይሆንም። ባለ ጥርስ ጎማ ካደረግኩ በኋላ ሌላ ሞተር የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ወንድሜ፣ ሥራህ ቀበሌ ለቀበሌ ከሆነ በመጀመሪያ ጎማ ነው የምልህ። ፓውዛም ካለ ጥሩ ነው፣ ማታ ጉድጓዱን ከሩቅ ታየዋለህ።


ግርማው መካኒክ፦

ወንድሜ ሳውላ መስመር ላይ ልክ ነህ። የሲቀላው ልጅ ግን አብዛኛውን ዋና መንገድ ነው የሚሄደው፣ ዝናብ ባለበት፣ መታጠፊያው በበዛበት። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፣ ስትታጠፍ ጥርሱ ይታጠፍና ሞተሯ የምትዋኝ ይመስልሃል። ለጀማሪ ይሄ ያስደነግጣል። መካከለኛው ጎማ፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የተባለው ይሻለዋል። ደግሞ 1,100 ኪሎ ሜትር የነዳ ጎማ ገና አዲስ ነው። እስከ ሰኔ ይንዳበት።

ወፍራም የሚለውን ግን እርሳው ልጄ። ጎማህ ጎን ላይ መጠኑ ተጽፏል፣ ያንኑ መጠን ግዛ። ቸርኬው ለወፍራም ጎማ አልተሠራም። ጎማው ቅርጹ ይበላሻል፣ ከሰንሰለቱ ጋር ይፋተጋል፣ መሪውም ይከብድሃል። ስትገዛ ደግሞ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልግ። 2319 ካለ በ2019 በፈረንጆች 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ አዲስ ቢመስልም ደርቋል፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም።

ስለ ፓውዛ። ጭጋግ ውስጥ ከፍ ብሎ የተገጠመ ጠንካራ ነጭ ብርሃን ጭጋጉን ነው የሚያበራልህ፣ ፊትህ ላይ ነጭ ግድግዳ ይቆምብሃል። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌርም ታሳውረዋለህ። የሚጠቅምህ ሁለት ትንንሽ ቢጫ መብራት ናቸው፣ ከፋሮው፣ ከዋናው የፊት መብራት፣ ዝቅ ብለው፣ ጋርዱ ላይ፣ ብርሃናቸው መሬት መሬቱን የሚመለከት። የሚገጥምልህ ሰው የፋሮውን ሽቦ ልጦ እዚያው ላይ ሊቀጥልልህ ከፈለገ አትፍቀድለት። ከባትሪው የራሱ መስመር፣ የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ሬሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ዕቃ) ይኑረው። ፋሮህ 35 ዋት ነው፣ ሽቦውና ማብሪያው ለዚያ ነው የተሠሩት። የበለጠ ዋት ያለው አምፖል ስትከትበት መያዣው ይቀልጣል። ባለፈው ዓመት መስመሩ ተቃጥሎ ማታ ጫካ ውስጥ መብራት አልባ የቀረ ልጅ ሞተር ሠርቻለሁ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሽቦ በሙሉ ነው የቀየርኩት።


እህት ከሜሪላንድ፦

እኔም ላዋጣ። እዚህ ሆንዳ ሬብል 500 ነው የምነዳው፣ ወንድሜ ግን አርባ ምንጭ ቦክሰር አለው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ነገር እየሰማሁ ነው የምኖረው። የጠየቅከውን ሁሉ አነበብኩ፣ ስለ ሄልሜትህ አንድም ቃል አላልክም። ምን ዓይነት ነው? ከሞተሯ ጋር የሰጡህ ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ማንኛውም ሞተር የሚነዳም ሆነ የሚጫን ሰው ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው፣ ሄልሜቱም ዶት የሚባለውን ደረጃ ማሟላት አለበት። የአውሮፓው ደረጃ ኢሲኢ ይባላል። አገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ጨርቅ ፈልግ፣ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር አለባት፣ ከሥሩ ደግሞ ረዘም ያለ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በ05 ከጀመረ የቀደመው ደረጃ ነው፣ በ06 ከጀመረ አዲሱ። ዶት ብቻ የሚል ተለጣፊ ግን በቀላሉ አስመስለው ያትሙታልና በእሱ ብቻ አትመን። በእጅህ ያዘው፣ ውስጡን ጨርቁን ገልጠህ እይ። ሁለት ሳንቲም ገደማ ውፍረት ያለው ጠንካራ ነጭ ወይም ጥቁር ፎም ከሌለውና ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ፀሐይ ከመከላከል የተለየ ሥራ የለውም።

ልክህ መሆኑን ለማወቅ አድርገው፣ እሰረው፣ ጭንቅላትህን በኃይል ግራና ቀኝ አዙር። ሄልሜቱ ፊትህ ቆሞ አንተ ውስጡ የምትዞር ከሆነ ሰፍቶሃል። አዲስ ሲሆን ጉንጭህን ጨመቅ ማድረግ አለበት፣ ከጊዜ በኋላ ይለቃል። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ይሁን፣ ብዙ ጊዜ ሰው ሲወድቅ አገጩ ነው የሚመታው። መስታወቱ ጥርት ያለ ይሁን እንጂ ጥቁሩን አትውሰድ፣ አንተ እየመሸብህ ነው የምትመለሰው። ለጭጋጉ ደግሞ ከውስጥ የምትለጠፍ ፒንሎክ የምትባል ስስ ፕላስቲክ አለች፣ እስትንፋስህ መስታወቱን እንዳያለብሰው ታደርጋለች። ለወንድሜ ልኬለት ጨንቻ ላይ መስታወቱን ከፍቶ መንዳት ቀረለት።

አንዴ ተከስክሶ ያየ ሄልሜት ሁለተኛ አያድንም፣ ውስጡ ያለው ፎም የሚያድነው ራሱ ተጨፍልቆ ነው። ስለዚህ ያገለገለ አትግዛ፣ ሻጩ ወድቆበት እንደሆነ ልታውቅ አትችልም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ከልብስና ከሽቶ በፊት ይህን አስመጣ።


የሲቀላው ጀማሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄልሜቴ ከሞተሯ ጋር የተሰጠኝ ነው። አሁን አይቼ መጣሁ። ውስጡ ስፖንጅ ብቻ ነው እህቴ፣ ማሰሪያው ላይም ምንም ጨርቅ የለም። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ነው የሄድኩት።

ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካንዴላውን ዛሬ ጨንቻ ላይ ፈታሁት፣ ጥቁር ነበር። ፊልትሮውን ሳወጣ ቀለሙ አቧራ ሆኗል። አራግፌ መለስኩት፣ በመመለሻዬ ትንሽ የቀለላት መሰለኝ። ልቀይረው ወይስ ማጠብ ይቻላል? የነርሷን ምክርም ዛሬ ጠዋት ሞክሬዋለሁ፣ የእግር ፍሬኑ በጣም ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁን እግሬን ሳላነሳ እረግጠዋለሁ።

ብሩን እንዲህ ልከፍለው አስቤያለሁ። ትልቁን ድርሻ ሄልሜት ይውሰድ፣ አዲስ አበባ ያለች አክስቴ ማሰሪያውን አይታ እንድትገዛልኝ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ቦት ጫማና ጓንት። በተረፈው የፍሬን ሸራና ካቦ። ሁለቱን ቢጫ መብራት ከክረምት በፊት ከሚመጣው ደሞዝ። ማርሚታውን ትቼዋለሁ።


ግርማው መካኒክ፦

የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ አይታጠብም ልጄ፣ ውሃ ሲነካው ቀዳዳው ይዘጋል። ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ነፋስ ይነፋበታል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ ይቀየራል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ደርቆ ትንሽ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። አንተ በምትሄድበት አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ክፈተው። ያለ ፊልትሮ ግን አንድ ቀንም እንዳትነዳ፣ አቧራው ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

የፍሬን ሸራውን ሲቀይሩልህ አጠገባቸው ቁም። አዲሱን ሸራ በአሸዋ ወረቀት ሸካራ ያድርጉት፣ ታምቡሩ ውስጥ ቅባት አይግባ። የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እዚያው ከተማ ውስጥ በሜዳው ንዳት፣ ሸራው ታምቡሩን እስኪለምድ ሙሉ በሙሉ አይዝም። ከዚያ በፊት በሱ ከጨንቻ እንዳትወርድ።


ነርሷ ከሶዶ፦

ጓንቱን ስትገዛ ሁለት ይሁን ወንድሜ፣ አንዱ ለቆላው ስስ፣ አንዱ ለደጋው። ጣትህ ከደነዘዘ ያ ሁሉ አዲስ ፍሬን በእጅህ አይያዝልህም። እኔ ቀጭኑን ከውስጥ አድርጌ ዶርዜ ጋ ስደርስ ወፍራሙን እደርብበታለሁ። አንጸባራቂ ሰደርያም አትርሳ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጭጋግ ውስጥ ከኋላህ የሚመጣው አይሱዙ የሚያይህ በእሱ ነው።